ዳታ ሎጊንግ ምንድን ነው? ማርሹስ ምን አገባው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስልኩን ከፍቶ አቀበለኝ። እሑድ ማለዳ ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ የመዘገበው ሠንጠረዥ ነው። «ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ይጨመርለት» አለኝ። መሥመሮቹን ቆጠርኳቸው። ከ2,500 እስከ 5,000 ዙር ድረስ ሰባት ናቸው፤ ሰባት ብቻ። በመሀል ከተማ እንዲያ መንዳቱን ለብቻው ተቆጥቼዋለሁ። እዚህ የማነሣው ሰባቱን መሥመሮች ነው።

ዳታ ሎጊንግ ማለት ሞተሩ እየሠራ ሳለ የመኪናው ኮምፒውተር ከየሴንሰሩ የሚቀበለውን ቁጥር ከነሰዓቱ መመዝገብ ነው፦ የሞተሩ ዙር በደቂቃ፣ የነዳጅ መስጫው አከፋፈት፣ የሚገባው አየር ግፊትና ሙቀት፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ፣ የማንኳኳት (ነዳጁ ያለጊዜው የመፈንዳት) ምልክት። ቁጥሮቹ የሚገኙት ከመሪው ሥር ካለው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ መሰኪያውን ግዴታ አድርገዋል። ቀድሞ መካኒኩ በጆሮውና በካንዴላው ቀለም ይፈርድ ነበር፤ ጆሮው ዛሬም ይጠቅማል፣ ነገር ግን በ4,300 ዙር ላይ ምጣኔው ስንት እንደነበር አይነግረንም።

ከመሰኪያው አንብቦ ወደ ስልክ የሚልከውን መሣሪያ ሁሉም ይገዛል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው በየትኛው ማርሽ መመዝገብ እንዳለበት ነው። ከሶማሌ ተራ አካባቢ መለዋወጫ ሲያፈላልጉ የኖሩ፣ ካምቢዮ ፈትተው የሚገጥሙ ጎበዞች እንኳ «የትኛውም ቢሆን ምን ለውጥ አለው?» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ለውጡ ጊዜ ነው። ሞተሩ ዙር የሚጨምርበት ፍጥነት ከማርሹ ምጣኔ (ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ካሬ ጋር ይሄዳል፤ ማርሹ አንድ ጊዜ ጉልበቱን ለጎማው ያበዛል፣ ሁለተኛ ደግሞ ለአንድ የጎማ ዙር ሞተሩን ብዙ ያዞራል። ሁለተኛው ማርሽ 1.90፣ ሦስተኛው 1.31 ነው እንበል። 1.90ን ለ1.31 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናባዛው 2.1 ይሆናል። የነፋሱንና የዳገቱን ነገር ለጊዜው ብንተወው፣ በሁለተኛ ማርሽ ሰባት ሰከንድ የፈጀው ጉዞ በሦስተኛ ወደ አሥራ አምስት ሰከንድ ይጠጋል። አራተኛው 0.97 ከሆነ ደግሞ የሦስተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያ በሰከንድ የሚያነበው ውሱን ነው፤ ንባቡንም ላዘዝነው ነገር ሁሉ ያካፍለዋል። በሰከንድ አሥር ንባብ የሚችለውን አሥር ነገር ካዘዝነው እያንዳንዱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል። ወዳጄ ያደረገው ይህንን ነው። የዘይቱን ሙቀትና የባትሪውን ቮልቴጅ ሳይቀር መርጧል፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። አምስቱን ቢተዋቸውና በሦስተኛ ማርሽ ቢመዘግብ ኖሮ ሰባቱ መሥመር ሠላሳ በሆነ ነበር።

የመሥመር ማነስ ግን ትንሹ በሽታ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩ የተገጠመው ጭስ ማውጫው ላይ ስለሆነ፣ ሲሊንደር ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ እሱ ዘንድ እስኪደርስና እሱም ቁጥሩን እስኪናገር ጥቂት ይዘገያል። ዙሩ በፍጥነት በሚሮጥበት ዝቅተኛ ማርሽ፣ በ4,000 ዙር አጠገብ የተጻፈው የአየርና የነዳጅ ምጣኔ በእውነቱ ከዚያ ያነሰ ዙር ላይ የነበረው ሊሆን ይችላል። ያንን አምኖ የነዳጅ ሠንጠረዡን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በየዙሩና በየግፊቱ ስንት ነዳጅ እንደሚሰጥ የሚያነብበትን፣ የሚያስተካክል ሰው የጎረቤቱን በር ይጠግናል። በዚህ ላይ ነዳጅ መስጫው በድንገት ሲረገጥ አየሩ ከቤንዚኑ ቀድሞ ይገባል፤ ለቅጽበት ነዳጅ ያነሰ ይመስላል። በሁለተኛ ማርሽ ይህ ቅጽበት ከጠቅላላው ጉዞ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል።

ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ባለው መኪና ነገሩ ይብሳል፤ ቱርቦው ግፊቱን ሳይሞላ ማርሹ ያልቃል። ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ደግሞ ጎማ እንዳይንሸራተትና ካምቢዮው እንዳይጎዳ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሞተሩን ጉልበት ሆን ብለው ይቀንሳሉ። እንዲህ ባለ ማርሽ የመዘገበ ሰው ኮምፒውተሩ ራሱ የያዘውን ጉልበት የሞተር ድክመት አድርጎ ያነበዋል።

እንግዲያው አምስተኛ አይሻልም? አይሻልም። በከፍተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ተነሥቶ እስከ ወለሉ መርገጥ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ በከባድ ጭነት ሥር ያቆየዋል፤ ሙቀቱ ይከማቻል፣ ማንኳኳትም ይጋበዛል። ፍጥነቱም አለ። ዲፈረንሻሉ 4.06፣ ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው 1.85 ሜትር ቢሆን፣ በ5,000 ዙር በሁለተኛ ማርሽ 72፣ በሦስተኛ 104፣ በአራተኛ 141 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንሄዳለን። የመጨረሻው በአገራችን በየትኛውም መንገድ አይፈቀድም።

ስለዚህ መንገድ ላይ ሦስተኛ፣ ጎማ በሚያዞር የጉልበት መለኪያ ሮለር ላይ ደግሞ ምጣኔው ለ1 የሚቀርበው ማርሽ፣ ይኸውም ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው፣ ተመራጭ ነው። ስድስት ሺህ ዙርና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው በሦስተኛም 125 ስለሚደርስ መንገዱን ይተወው። ይህ ሁሉ ግን ሙሉ ጉልበት ለመመርመር ነው። የዘወትር የነዳጅ ፍጆታውን ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ዘወትር በሚሄድበት በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በተረጋጋ ፍጥነት ይመዝግብ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ በረገጡት ቁጥር ማርሽ ስለሚቀይር ማንሻውን አንድ ቦታ ማሰር ያስፈልጋል። ማርሽ የሌለው ሲቪቲ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዙሩን አንድ ቦታ ይዞ ፍጥነቱን ብቻ ይጨምራል።

ከሁሉ በላይ የዛሬው ምዝገባ ከነገው ጋር እንዲነጻጸር ማርሹም መንገዱም አንድ ይሁን። በቸርችል ዳገት የተመዘገበ በቦሌ ሜዳ ከተመዘገበ ጋር አይወዳደርም፤ ዳገቱ ራሱ ሌላ ማርሽ የማስገባት ያህል ጭነት ይጨምራል።

ወዳጄን የፋብሪካው ኦክስጅን ሴንሰር እንዳሳሳተውም ነገርኩት። ያ ሴንሰር በ14.7 አየር ለ1 ነዳጅ ዙሪያ ነዳጁ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ከማለት አያልፍም፤ ሙሉ ጉልበት ላይ የሚፈለገው 12.5 ወይም 13 ላይ መሆን አለመሆኑን አይለይም። ሰፊ ልክ የሚያነብ ሴንሰር ተውሰን ገጠምን። ከዚያ ወደ አዳማው የፍጥነት መንገድ ሄድን፤ ከክፍያው በር ወጥቶ ፍጥነት መጨመር እዚያ ማንንም አያስደነግጥም። እሱ ነዳ፣ እኔ ስክሪኑን ያዝኩ። ሦስተኛ ማርሽ፣ 2,500፣ እግር ወደ ወለል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መሥመሮች ነዳጅ ያነሰ አስመሰሉ፤ ከዚያ እስከ 5,000 ድረስ ምጣኔው በ12.7 እና በ12.9 መካከል ተኛ። የሚጨመር ቤንዚን የለም።

«ግፊቱስ?» አለኝ። ለገሃር ላይ እስከ ወለሉ ረግጦ 75 ኪሎ ፓስካል ብቻ አይቶ ነበርና የአየር ማጣሪያው የተዘጋ መስሎታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከባቢው አየር ራሱ 76 ገደማ ነው፣ በባሕር ዳርቻ ግን 101። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከውጭ ካለው በላይ አየር ከየት ያመጣል? ዙሩም እዚህ በዝግታ የሚወጣው፣ ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ከሚታየው ይልቅ ሦስተኛ ማርሽ ረጅም የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። በነዳጅ ሠንጠረዡ ላይ የ85፣ የ90 እና የ100 ኪሎ ፓስካል ረድፎች አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየትኛውም ማርሽ ቢመዘገብ እነሱ ባዶ ይቀራሉ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበና ድሬዳዋ ያለ ዘመዱን ካየ ሁለት ዓመት እንዳለፈው አስታወሰ። እዚያ 88 ይደርሳል።