«ሺቴኖጂ» ማለት ምን ማለት ነው?

በጃፓን ኦሳካ የሚገኘው የቡድሂስት ቤተ መቅደስ የሺቴኖጂ ስም ብዙዎችን ያሳስታል። «ቴኖ» ሲባል ንጉሠ ነገሥቱ ይመስላቸዋል፤ ድምፁ አንድ ቢሆንም የሚጻፍበት ምልክት ይለያል። እዚህ «ሺ» አራት፣ «ቴኖ» የሰማይ ንጉሥ፣ «ጂ» ቤተ መቅደስ ነው። አራቱ የቡድሂዝም ጠባቂዎች ናቸው፦ ጂኮኩቴን የምሥራቅ፣ ዞጆቴን የደቡብ፣ ኮሞኩቴን የምዕራብ፣ ታሞንቴን የሰሜን። ታሞንቴን ለብቻው ሲመለክ ስሙ ቢሻሞንቴን ይባላል፤ ሌላ አምላክ እንዳይመስላችሁ።

«ኒሆን ሾኪ» የተባለው ጥንታዊ የጃፓን ዜና መዋዕል እንደሚለው የጃፓኑ ልዑል ሾቶኩ በ587 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ላይ የአራቱን ምስል ከእንጨት ቀርጾ ፀጉሩ ላይ አሰረና «ካሸነፍን ቤተ መቅደስ እሠራላችኋለሁ» ብሎ ተሳለ። ግንባታው በ593 ተጀመረ።

«ጥንታዊ» የሚባለው ግን አቀማመጡ ነው፦ በር፣ ፓጎዳ (ባለ ብዙ ጣሪያ ግንብ)፣ ዋና አዳራሽና መማሪያ አዳራሽ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር። ፓጎዳውን በ1934 አውሎ ነፋስ ጣለው፤ በ1945 የአየር ድብደባ አብዛኛውን አቃጠለው። ዛሬ የሚታየው ማዕከላዊው ክፍል በ1963 የተጠናቀቀ የኮንክሪት ሥራ ነው።