የቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲሞችን ለውበታቸው መሰብሰብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የድሮ ሳንቲም የምሰበስበው ለዓይኔ ነው። ቀረጻው፣ የፊደሉ አጣጣል፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ሥራ ደስ ይለኛል። በተለይ በእኛ አካባቢ ይዘዋወሩ የነበሩት የቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲሞች በጣም ያምራሉ። ስለ እነሱ የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች ግን ስህተት ናቸው፤ ሰብሳቢውንም ሳንቲሙንም ይጎዳሉ።

«የጠቆረ ሳንቲም መጽዳት አለበት»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ተፈግፍጎ የሚያብለጨልጭ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ለሽያጭ ይቀርባል። ጥቁረቱ ግን ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ጠቁሮ ከፍ ያለው ሲያበራ ምስሉ ጎልቶ ይወጣል። ሲፈገፈግ ከላይ ያለው ብር አብሮ ይነሳል። ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው የንጉሥ ጢም ወይም የንስር ላባ ይደበዝዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ዋጋውም ይወርዳል። አፈር ከያዘ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሳያሹ ማድረቅ ይበቃል። ሲይዙትም ጠርዙን ነው እንጂ ፊቱን አይነኩም።

«1780 ካለ የ1780 ነው»

1780 የሚል ዓመት የተጻፈባት ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ ራሷ የቅኝ ግዛት ሳንቲም አይደለችም፤ የኦስትሪያ ናት። ግን የቀይ ባሕር አካባቢን ሳንቲሞች ያለ እሷ መረዳት አይቻልም። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቲሟ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ጠገራ ብር የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል። ይህ ውበቱን አይቀንሰውም። ክብደቱ ወደ 28 ግራም ነው። ጠርዙን ዞር ዞር አድርጋችሁ እዩት፦ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተቀርጿል። ይህ ጽሑፍ ሰው ጠርዙን እንዳይሸርፍና በቀላሉ እንዳያስመስለው ይረዳ ነበር።

«ያማረ ሳንቲም ገበያውም ወዶት ነበር»

ጣሊያኖች ለኤርትራ ቅኝ ግዛታቸው እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1896 ታለሮ የሚባል ትልቅ የብር ሳንቲም አስመቱ። የጣሊያኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ዘውድ ደፍቶ፣ ጢሙን አሳምሮ፣ ከኋላው ንስር። በትንንሾቹ የሊራ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ የጣሊያንኛ፣ የግዕዝና የአረብኛ ፊደል አንድ ላይ ተቀርጿል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ የለም። ገበያው ግን የሚያምነው ማርትሬዛን ነበር። በታለሮው ያለው ንጹህ ብርም ከእሷ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ጣሊያኖች ማርትሬዛን የምትመስል ሴት ያለችበት ሌላ ታለሮ አወጡ፤ እሱም አልተሳካለትም።

«የቅኝ ገዢን ሳንቲም መውደድ ቅኝ ግዛትን መውደድ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎችን ስሜት አከብራለሁ። ዘውድ የደፋው ንጉሥ የተቀረጸው እኮ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማን ገዢ እንደሆነ በየገበያው እንዲናገር ነው። ግን ታለሮው ላይ 1896 የሚለውን ሳነብ የዓድዋን ዓመት ነው የማነበው። ያ ሳንቲም የጣሊያን ምኞት ምን ያህል እንደነበረ ያሳየኛል። ስለዚህ አልሸሽገውም፤ ከአጼ ምኒልክ ብር ጎን አስቀምጠዋለሁ። በነገራችን ላይ የምኒልክ ብር በፓሪስ ስለተመታ ብቻ የቅኝ ግዛት ሳንቲም የሚሉ አሉ። ነጻ አገር ሳንቲሟን ውጭ ብታስመታ ቅኝ አትሆንም።

«ነጭ ከሆነ ብር ነው»

አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ከእንግሊዞች ጋር ገብቶ፣ ኢትዮጵያ በ1945 አዲሱን ብሯን እስክታወጣ ድረስ እዚህም ይሠራበት ነበር። ከ1921 እስከ 1946 የተመታው ሩቡ ብቻ ነው ብር። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። እና ምን አለበት? ከተራሮች ፊት የቆመው አንበሳ ያው አንበሳ ነው።

«የተበሳ ሳንቲም የተበላሸ ነው»

የምሥራቅ አፍሪካ አምስትና አሥር ሳንቲሞች ሲሠሩም መሃላቸው ክፍት ነው። የተቀረጹባቸው የዝሆን ጥርሶች ቀዳዳውን ተከትለው ነው የታጠፉት።

«ውድ ካልሆነ አያምርም»

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1916 በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ታቦራ ከተማ ውስጥ በባቡር ጥገና ቦታ የመቱት የ15 ሩፒ ወርቅ፣ ኩምቢውን ያነሳው ዝሆን ያለበት፣ በእርግጥ ውድ ነው። ሽልንጉ ግን ርካሽ ነው። ጅቡቲ በፈረንሳይ ሥር ሳለች በ1952 የወጣው 20 ፍራንክም ብዙ አያስወጣም፤ የሸራ ጀልባና መርከብ ጎን ለጎን አሉበት። ጀማሪ ከሆናችሁ ከእነዚህ ጀምሩ። ከአገር ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ «ትንሽ ሳንቲም ናት» ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትጣሉት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።