ካምፕ፦ በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ የስላቅ ፊልሞችና የሚወደዱበት ምክንያት

ካምፕ በሚል ስም የሚታወቀው የፊልም ዘይቤ ሆን ተብሎ በተጋነነ ትወና፣ ከልክ ባለፈ ጌጥ፣ ርካሽነቱን በማይደብቅ ዝግጅትና በስላቅ ላይ የቆመ የኮሜዲ ዘርፍ ሲሆን፣ ያሳደጉትም በአብዛኛው ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ የፊልም ሠሪዎችና ተመልካቾቻቸው ናቸው። ቃሉ ለሐዋሳ ሰው ሲነገር ቀድሞ የሚታየው የወታደር ወይም የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ስለሆነ የአማርኛ ምትክ ሊፈለግለት ይገባ ነበር። «ቧልት» የሚለው ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ቧልት ቀልዱን እንጂ ኩሉንና ዊጉን አይጨምርም። «ቅጥ ያጣ» የሚለውም ነቀፌታውን ይዞ ፍቅሩን ይጥላል። በመሆኑም እዚህ ላይ ካምፕ እንዳለ ቀርቷል። ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳሰሳው ሲሰናዳ በእጅ የነበረው ማስረጃ በአመዛኙ ጆን ዋተርስ የተባለ፣ በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ የሚሠራ ዳይሬክተር ስለ ራሱ ሥራ በየጊዜው ያወጋው ነው። ባልቲሞር ከታች ሰፊ ቦታ መያዟ ከዚህ የመጣ ቢሆንም፣ ቦታው አይገባትም ለማለት ግን ያስቸግራል።

ቃሉ

የእንግሊዝኛው ቃል በዚህ ትርጉሙ በ1909 በታተመ የተራው ሕዝብ ንግግር መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል። ምንጩ በኩራት ተገትሮ መታየትን የሚገልጽ የፈረንሳይኛ ግስ ሳይሆን እንደማይቀር ይነገራል፤ ሆኖም ሁሉም አይስማሙበትም። ቃሉን ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የጓዳ ንግግር አውጥታ ለሰፊው አንባቢ ያቀረበችው አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ ስትሆን፣ በ1964 ያሳተመችው መጣጥፍ በ58 አጫጭር ማስታወሻዎች የተከፈለ ነበር። ሶንታግ ካምፕን በሁለት ትለየዋለች። አንደኛው ሳያውቀው ካምፕ የሆነ ሲሆን፣ ይኸውም ከልቡ ቁም ነገር ሊሠራ ተነሥቶ ግነቱ ያሸነፈው ሥራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህንኑ ግነት አውቆ የሚሠራው ነው። እርሷ የምታደንቀው የመጀመሪያውን ነበር፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ግን በብዛት ስለ ሁለተኛው ነው።

ክልከላና ሰምና ወርቅ

ዘይቤው ለምን ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጋር ተቆራኘ ለሚለው ጥያቄ የተሻለው መልስ የሳንሱር ታሪክ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 የተቀበሉትና ከ1934 ጀምሮ አጥብቀው ያስፈጸሙት የምርት ደንብ በተመሳሳይ ጾታ መካከል ያለ ፍቅርን በፊልም ማሳየትም ሆነ መጠቆም ከልክሎ ነበር። ክልከላው በ1961 ላላ፤ ደንቡም በ1968 በዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ ተተካ። በእነዚያ 30 በሚሆኑ ዓመታት ገጸ ባሕርያቱ ጨርሰው አልጠፉም። በእጅ አጣጣል፣ በአነጋገር ቅላጼ፣ ከመጠን በላይ በተስተካከለ ከረባት ውስጥ ተደብቀው ቆዩ። ተመልካቹም ሰሙን ለሳንሱሩ ትቶ ወርቁን ማንበብ ለመደ። ቅኔ ሲፈታ ሰምቶ ላደገ የአማርኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ ነገር አይደለም፤ የእኛው የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» እንኳ በአውሬዎች አፍ ሹማምንትን ሲሸነቁጥ ታግዷል።

ደንቡ ሊወድቅ በተቃረበበት በ1960ዎቹ የተደበቀው ፊት ለፊት መውጣት ጀመረ። ጃክ ስሚዝ በኒው ዮርክ አንድ የሲኒማ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ጊዜው ባለፈበት ጥሬ ፊልም ቀርጾ በ1963 ያሳየው «ፍሌሚንግ ክሪቸርስ» በዓመቱ በፖሊስ ተይዞ አሳዪዎቹን ፍርድ ቤት አቆመ። የምስሉ መንጣትና መደብዘዝ የጥሬ ፊልሙ እርጅና ያመጣው ሲሆን፣ ዛሬ ውበቱ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ያደጉት መንትዮቹ ጆርጅና ማይክ ኩቻርም ከልጅነታቸው ጀምሮ በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ፣ ጎረቤቶቻቸውንና ጓደኞቻቸውን እያሠሩ፣ በመኖሪያ ክፍላቸው ውስጥ የሆሊውድን ታላላቅ ሜሎድራማዎች በትንሹ ይደግሙ ነበር።

ባልቲሞር

ባልቲሞር ከኒው ዮርክ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የወደብ ከተማ ናት፤ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ከምትርቀው ብዙ አትበልጥም። ፊልም መሥራት የፈለገ ወጣት ሻንጣውን ይዞ ወደ ትልቁ ከተማ መሄዱ እዚያም እዚህም የተለመደ ነው። በ1946 በዚያ የተወለደው ጆን ዋተርስ ግን ፊልሞቹን ሁሉ በትውልድ ከተማውና በአካባቢዋ ሠርቷል፤ ይህ ዳሰሳ ለእርሱ የሚያሳየው ማዳላት በከፊል ከዚህ የመነጨ መሆኑ አይካድም።

የዋተርስ ዋና ተዋናይ በአንድ አካባቢ አብሮት ያደገው ግሌን ሚልስቴድ ነበር። ሚልስቴድ ዲቫይን በሚል የመድረክ ስም፣ ግዙፍ ሰውነቱን በጠባብ የሴት ቀሚስ ወጥሮ ይታይ ነበር። የፊት ቅብ ባለሙያው ቫን ስሚዝ ለቅንድቡ ቀለም የሚበቃ ቦታ ለማግኘት የተዋናዩን ፀጉር ከግንባሩ ወደ ኋላ ላጭቶታል፤ ቅንድቡም ወደ ግማሽ ራሱ ወጣ። በካምፕ ፊልም ውስጥ ሴት መስሎ መጫወት ማለት ተመልካቹን ማታለል አለመሆኑን ይህ የተላጨ ግንባር ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በተሻለ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ተውኔቶችም ወንዶች የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ ነበር፤ ሆኖም ያ ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ በመሆኑ ከዚህኛው ጋር መምታታት የለበትም።

በ1972 የወጣው «ፒንክ ፍላሚንጎስ» የፈጀው ከ10,000 እስከ 12,000 ዶላር ሲሆን ገንዘቡን ያበደሩት የዳይሬክተሩ አባት ናቸው። ታሪኩ «በሕይወት ካሉት ሁሉ ቆሻሻው ሰው» የተባለውን ማዕረግ ለመውሰድ ስለሚፋለሙ ሁለት ወገኖች ሲሆን፣ የሚያፌዘውም ዝና የተባለው ነገር ከምንም ሊሠራ እንደሚችል በሚያምን ኅብረተሰብ ላይ ነው። ዋናው መቼት ከከተማ ወጣ ብሎ በጓደኛ እርሻ ላይ የቆመ አሮጌ ተጎታች ቤት ነበር። ተዋንያኑ ረጃጅም ንግግሮችን በቃላቸው አጥንተው እየጮኹ ይወጧቸዋል፤ ካሜራውም ሳይቆራረጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይመለከታቸዋል። ለዚህም አንዱ ምክንያት ድምፁ ከምስሉ ጋር በአንድነት ይቀረጽ ስለነበር ቆርጦ መቀጠል አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የዘይቤው መለያ የሆነው ጩኸት በከፊል የመሣሪያው ድህነት ውጤት ነው ማለት ነው። ፊልሙ አንዳንድ ትዕይንቶቹ በእርግጥም የሚያቅለሸልሹ በመሆናቸው ለሁሉም ሰው የሚመከር አይደለም።

ባልቲሞር የምትገኝባት ግዛት ሜሪላንድ በአሜሪካ የመጨረሻው የግዛት ፊልም ሳንሱር ቦርድ የነበራት ስትሆን ቦርዱ የተዘጋው በ1981 ነው። ዋተርስ ከቦርዱ አባል ከሜሪ አቫራ ጋር ለዓመታት ተፋጧል፤ እርሷ ፊልሞቹን በአደባባይ ባወገዘች ቁጥር ስማቸው ይበልጥ ይታወቅ እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ያወጋል። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1960ዎቹ መጨረሻ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የራቁት ትዕይንት ሲቀርጽ ከባልደረቦቹ ጋር ታስሮ ነበር።

በጀቱ ቀስ በቀስ አደገ። በ1974 የወጣው «ፊሜል ትራብል» 25,000 ዶላር ገደማ ወስዷል። በ1981 ለወጣው «ፖሊስተር» ደግሞ ተመልካቹ እየፋቀ የሚያሸትታቸው 10 ቁጥሮች ያሉበት ካርድ ከቲኬቱ ጋር ይታደል ነበር፤ ከሽታዎቹ መካከል ያረጀ የስፖርት ጫማ ይገኝበታል። በ1988 የወጣው «ሄርስፕሬይ» ጥቁሮችና ነጮች አብረው እንዳይጨፍሩ በሚከለክል የ1960ዎቹ የቴሌቪዥን የዳንስ ፕሮግራም ላይ የሚሳለቅና ቤተሰብ አብሮ ሊያየው የሚችል ሥራ ነበር። ዲቫይን በዚህ ፊልም የአንዲት ልብስ ተኳሽ እናትን ቦታ ይዞ የተጫወተ ሲሆን፣ ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በ42 ዓመቱ አረፈ። «ፒንክ ፍላሚንጎስ» በ2021 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ገብቷል። የሜሪላንድ ሳንሱር ቦርድ በዚያ ጊዜ ከተዘጋ 40 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኩለ ሌሊትና ከዚያ በኋላ

እነዚህ ፊልሞች ተመልካች ያገኙት በኒው ዮርክ ከ1970 ጀምሮ በተለመደው የእኩለ ሌሊት ዕይታ ነው። ከዚህ ልማድ የበለጠ የታወቀው በ1975 ወጥቶ መጀመሪያ ገበያ ያጣው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ሲሆን፣ ከ1976 ጀምሮ በእኩለ ሌሊት መታየት ከጀመረ በኋላ ተመልካቹ ለገጸ ባሕርያቱ እየመለሰ፣ በሠርጉ ትዕይንት ላይ ሩዝ እየበተነ፣ እንደ ተዋንያኑ ለብሶ እየመጣ የራሱ አደረገው። በስፔን ፔድሮ አልሞዶቫር የቴሌፎን ኩባንያ ሠራተኛ ሳለ በትርፍ ጊዜው ሠርቶ በ1980 ያወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1999 የወጣው የጄሚ ባቢት «በት አይም ኤ ቺርሊደር» ወጣቶችን ከተመሳሳይ ጾታ ፍቅር «እናርማለን» በሚሉ ማዕከላት ላይ ያፌዛል፤ በፊልሙ ልጃገረዶች የሚታረሙበት ቤት ከግድግዳ እስከ አልጋ ልብስ ድረስ ሮዝ ነው። በ2000ዎቹ የመጡት የወጣት ኮሜዲ ምፀቶች ብዙ ናቸው፤ ከብዛታቸው በቀር የሚነገርላቸው ጥቂት ነው።

የሚወደዱበት ምክንያት

ተመልካቹን የሚይዘው መጀመሪያ ርካሽነቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ስፌቱን ይደብቃል፤ ካምፕ ስፌቱን ያሳያል፤ የሚያየውም ሰው «ይህንን እኔም ከጓደኞቼ ጋር እሠራዋለሁ» ይላል። ሁለተኛው ስላቁ ነው፤ ለዓመታት የተሰደቡበትን አረማመድና አነጋገር ራሳቸው ወስደው፣ አሥር እጥፍ አሳድገው፣ መልሰው ለተሳዳቢው ማሳየታቸው። ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መካከል ግን ይህ አካሄድ የተዛባውን ምስል ያጸናል፣ ሴቶችንም መሳለቂያ ያደርጋል ብለው የሚተቹ አልጠፉም። የመጀመሪያው ትችት ስላቅን ከእምነት መለየት ያቃተው ይመስላል። ሁለተኛው ግን በአንዳንዶቹ ፊልሞች ላይ ሚዛን እንደሚደፋ መቀበል ይገባል።

በሐዋሳ

በኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ወንጀል ያደርገዋል። በዚህም ምክንያት ከላይ የተጠቀሱት ሥራዎች በሐዋሳ በአዳራሽ የሚታዩ ወይም በአደባባይ የሚወሱ አይደሉም። ዘይቤው የሚያነቃው የአስተያየት ልማድ ግን ለከተማዋ ባዕድ አይደለም።

በመናኸሪያው አካባቢ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች በአንዱ፣ ቴሌቪዥኑ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ፣ ተመልካቹ በአግዳሚ ወንበር ተጠጋግቶ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ አንድ የአማርኛ ፊልም ይታይ ነበር። በለቅሶው ትዕይንት መካከል የድምፅ መቅረጫው ከላይ ብቅ ይላል፤ ቤቱም በአንድ አፍ «ማይኩ! ማይኩ!» ብሎ ይጮኻል። ሟችዋ እናት ዓይኗን ጨፍና ስትተነፍስ ደረቷ ከፍና ዝቅ ሲል ደግሞ አንዱ «ተነሺ፣ አልሞትሽም!» ይላታል። በማግሥቱ ይኸው ሰው ዳግመኛ ከፍሎ ይገባል፤ ትዕይንቱ ከመድረሱ አስቀድሞም ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም ያደርጋል። ይህ ሁሉ የኒው ዮርክን የእኩለ ሌሊት ዕይታ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ የሐዋሳ ተመልካች በዚህ ረገድ ከማንም የሚማረው አልነበረም።

ቪዲዮ ቤቶቹ ቀስ በቀስ ቦታቸውን ፍላሽ ላይ ፊልም ለሚጭኑ ሱቆች ለቀዋል። በአንዱ ሱቅ «ኮሜዲ» ከሚል ፎልደር ውስጥ የዚህ ዳሰሳ አቅራቢ ያገኘው የ2007ቱን «ሄርስፕሬይ» ነበር። ይህ ፊልም የባልቲሞሩ ሥራ በ2002 የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ከተቀየረ በኋላ በትልቅ በጀት የተሠራ ነው። ጫኙ ወጣት የተዋናዩን ማንነት ለይቶ «ይቺ ወፍራም ሴትዮ ጆን ትራቮልታ ነው እኮ፤ ያ የአክሽኑ» ሲል በመገረም አሳየ። ልብስ ተኳሿን እናት በዚያ ሚና አስቀድሞ የተጫወተው ግንባሩ የተላጨው የባልቲሞር ሰው ነበር።