«ጥሬ ገንዘብ አልባ» ንግድ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የሐዋሳ ሱቆች ጥሬ ገንዘብ አልባ እየሆኑ ነው» ብሎ ጻፈ። ማስረጃው በየመስታወቱ የተለጠፈው ኪውአር ኮድ ነው። በስልክ አልቀበልም የሚሉትን ደግሞ «ግንዛቤ የጎደላቸው» አላቸው። ይህቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት! ዛሬስ ዝም አልልም።

ወረቀት መለጠፍ ንግዱን ጥሬ ገንዘብ አልባ አያደርገውም። ዋናው ነገር ባለሱቁ በስልኩ የገባለትን ብር በስልኩ መልሶ መክፈል መቻሉ ነው።

ጀልባ አስቡ። ሰው የሚሳፈረው ወዲያ ማዶ መውረጃ ካለ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቆረሶ ዓሣ የምትጠብስ ሴት ከደንበኛዋ በቴሌብር ተቀበለች እንበል። በማግስቱ ዓሣ አስጋሪው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ማገዶ አምጪው ሁሉም ጥሬ ብር ይሏታል። መውረጃ የላትም። ወኪል ጋ ሄዳ ታወጣለች፤ ጊዜዋ ይሄዳል፣ የአገልግሎት ክፍያም አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጀልባው መሃል ሐይቅ ላይ ቆመ ማለት ነው። ግብሩስ? በስልክ የገባ ብር መዝገብ ስለሚተው፣ ወደቡ ላይ ተሳፋሪ የሚቆጥር ሰው እንዳለ ይሰማታል። በዚያ ላይ የውሸት ስክሪንሾት አሳይቶ የሚሄድ አለ፤ ሳይከፍል የተሳፈረ በሉት። ይህቺ ሴት ግንዛቤ አልጎደላትም። ሒሳቧን ከእኛ በላይ ታውቃለች።

የባጃጅ ሹፌሩን ደግሞ እዩ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ሲባል ማዶው ተሠራለት። ተሳፋሪ በስልክ የከፈለውን ማደያ ገብቶ ይቀዳበታል። ማደያው ቤንዚን የለም ብሎት መንገድ ዳር በሃይላንድ ሲገዛ ግን ያው ጥሬ ብር ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ መውረጃው ነው የጠፋው።

ዕድሜና ትምህርት ምንም ድርሻ የላቸውም አላልኩም። አላቸው። ብቻ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ አይደሉም።

ሥራዬ ከነጋዴዎች ሒሳብ ጋር ስለሆነ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ብዙ ባለሱቅ የሚሰጠው የነጋዴ ቁጥሩን ሳይሆን የግል ቁጥሩን ነው። ያ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው የተላከ ሆኖ ይመዘገባል እንጂ ግብይት አይባልም። ስለዚህ የነጋዴ ሒሳብ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ሁሉ ሽያጭ አያየውም። የተመዘገበውን የነጋዴ ሒሳብ ሁሉ የሚቆጥር ደግሞ ተከፍቶ የተረሳውንም ይደምራል።

ሱቁ ጥሬ ገንዘብ አልባ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ መስታወቱን ተዉትና ባለቤቱን ጠይቁ፦ «ዛሬ ጠዋት ዕቃ ያመጣልህን ሰው በምን ከፈልከው?»