ቀድመው የሚጨርሱ ተማሪዎች፦ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች በመደበኛ ክፍል ማስተማር

ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው የሚባሉት በአንድ ወይም በብዙ የትምህርት ዓይነቶች ከእኩዮቻቸው በጉልህ ፈጥነው ወይም ጠልቀው የሚማሩ ልጆች ናቸው። አንዳንድ አገሮች የተለየ መርሐ ግብር ዘርግተውላቸዋል፤ ሲንጋፖር በ1984 የጀመረችው ከታወቁት አንዱ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ ግን የሚማሩት ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ስለሆነ ጉዳዩ ከማንም በፊት የመደበኛውን መምህር ይመለከታል።

እነዚህን ልጆች ለይቶ ማወቅ ራሱ ቀላል አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ሉዊስ ተርማን በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 በላይ ልጆችን በዋናነት በአእምሮ ብቃት ፈተና መርጦ ሕይወታቸውን መከታተል ጀመረ። መመዘኛውን ሳያሟሉ የቀሩት ዊሊያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ ኋላ በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ ከተመረጡት መካከል ግን ለዚህ ሽልማት የበቃ አልተገኘም። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 መለኪያውን አስፍቶ ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራ እና ለያዙት ሥራ የሚታይ ጽናት ሲገናኙ ነው ተሰጥኦ የሚገለጠው አለ። ይህ አስተያየት መምህሩን ከማርክ መዝገቡ አሻግሮ እንዲያይ ያስገድደዋል። የክፍሉ አንደኛ ታታሪ ተማሪ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ደብተሩን ያላሟላው፣ መምህሩ ያልጠበቀውን ጥያቄ የሚጠይቀው ልጅ ደግሞ ከሁሉም ርቆ የሄደ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ወይም መጻፍ የሚያዳግታቸው፣ በሐሳብ ግን የሚመጥቁ ልጆችም አሉ፤ ድክመቱ ተሰጥኦውን ይሸፍነዋል።

የክፍል ሥርዓት ችግር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከትርፍ ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ እነዚህን ልጆች ያጠናችው ሌታ ሆሊንግዎርዝ፣ በአእምሮ ብቃት ፈተና 140 የሚያመጣ ልጅ በተራ ክፍል ጊዜውን እኩሌታ፣ ከ170 በላይ የሆነው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እንደሚያባክን ጽፋለች። ባዶ ጊዜ ያለው ልጅ ጎረቤቱን ያዋራል፣ መምህሩን ያርማል ወይም በሐሳብ ይጠፋል፤ ከዚያም ረባሽ የሚል ስም ይወጣለታል። «ጨረስኩ ቲቸር» ሲል በብዛት የሚሰጠው መልስ ተጨማሪ አሥር ጥያቄ ነው። ከዚህ የከፋ መልስ ያለ አይመስለኝም፤ ልጁ ቶሎ መጨረስ ቅጣት እንዳለው ተረድቶ በሚቀጥለው ቀን ቀስ ይላል።

የተሻለው መንገድ የሚያውቀውን ትምህርት አሳጥሮለት ጊዜውን መመለስ ነው። መምህሩ ምዕራፉን ከመጀመሩ በፊት አጭር ፈተና ይሰጣል። ወይም ከመልመጃው አምስቱን ከባድ ጥያቄዎች መርጦ መጀመሪያ እነርሱን መሥራት የሚፈልግ ይሥራ ይላል፤ አራቱን በትክክል የመለሰ የቀረውን አይሠራም። የተረፈው ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ይታሰራል፦ ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስረክብ፣ መምህሩ ሌሎችን እያስተማረ ሳለ ማንንም እንደማያውክ፣ ጥያቄ ቢኖረው ጽፎ እንደሚያቆይ። ውሉን ያፈረሰ ከክፍሉ ጋር ወደ ተራው ሥራ ይመለሳል። ሕጉ አጭር በሆነ መጠን ይሠራል።

በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካሮል አን ቶምሊንሰን ስለ ልዩ ልዩ አቀራረብ፣ ማለትም አንዱን ትምህርት እንደየተማሪው ደረጃ አስማምቶ ስለ ማስተማር፣ ሲያስረዱ መምህሩ ይዘቱን፣ የመማሪያ ሂደቱን፣ ተማሪው የሚያቀርበውን ሥራ እና የክፍሉን ድባብ መለዋወጥ ይችላል ይላሉ። በተግባር ሲታይ፣ በመቶኛ ትምህርት አብዛኛው ክፍል የዋጋ ቅናሽ ሲያሰላ ትምህርቱ ቀድሞ የገባው ተማሪ ሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል፦ 1,000 ብር የነበረ ጫማ በ20 በመቶ ጨምሮ እንደገና በ20 በመቶ ቢቀንስ 960 ብር የሚሆነው ለምንድን ነው? ምን ያህል በመቶ ቢቀንስ ነው ወደ ቀድሞው የሚመለሰው? ቁጥሩ አልከበደም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ርዕሱም ያው ስለሆነ ልጁ ከክፍሉ ውይይት አይገለልም።

ጎበዙን ከደካሞች ጋር አቀላቅሎ ማስተባበር በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች «አንድ ለአምስት» በሚለው አደረጃጀት ይታወቃል። ለሌላ ማስረዳት የራስን እውቀት ያጠራል፤ የዘወትር ሥራ ሲሆን ግን ልጁ ደመወዝ የሌለው ረዳት መምህር ይሆናል። አልፎ አልፎ ከአቻዎቹ ጋር ቢመደብ ይሻላል። ክፍል ማዘለል፣ እኛ ደብል መምታት የምንለው፣ ብዙ ወላጅን ያስፈራል። ጁሊያን ስታንሊ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1971 የጀመረው የረጅም ጊዜ ጥናት ግን በጥንቃቄ የተመረጡ ልጆች ከሚፈራው በላይ እንደሚሳካላቸው አሳይቷል።

በችሎታ ልክ መራመድ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚወጣው በዕድሜው ወይም በቆየበት ዘመን ሳይሆን የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ የኔታ ሰምተው ሲያልፍ ነው። አንዱ የሚፈጥንበትን ደረጃ ሌላው እየደጋገመ ይቆይበታል፤ ሁለቱም ግን ከአንድ መምህር እግር ሥር ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በፈረቃ፣ ከ50 በላይ በሆነ የተማሪ ቁጥር እና በጋራ ፈተና የታሰረ ስለሆነ ይህን እንዳለ መቅዳት አይችልም።

ስለዚህ በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ በአንድ ምዕራፍ፣ በሁለት ወይም በሦስት ተማሪዎች መጀመር ያዋጣል። የሳይንስ ክበብ ወይም ሚኒ ሚዲያ ካለ ረጅሙን ሥራ እዚያ ማስጠጋት ይቻላል። አስቀድሞ መወሰን ያለበት የማርክ ጉዳይ ነው። ከመልመጃ ነፃ የወጣ ተማሪ ለዚያ ክፍል ሥራ በቅድመ ፈተናው ያመጣው ውጤት ይያዝለታል፤ የተለየው ሥራ ደግሞ አስተያየት ቢሰጥበት እንጂ ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ ባይቀነስበት ጥሩ ነው። አለበለዚያ ከባዱን የደፈረ ልጅ ቀላሉን ከሠራው ያነሰ ማርክ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይሞክርም።