ሕፃኑ ሲያድግ ስንት ይደርሳል? ቁመትን ስለ መገመት

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው እጁን ከታጠበ በኋላ የሕፃኑን እግር ያያል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል፦ «ይሄስ መለሎ ነው የሚሆነው!»

ነገር ግን ለቁመት ትንበያ የልደት ቀንን ያህል የማይመች ጊዜ የለም። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በማህፀን ውስጥ እድገቱን ይበልጥ የሚወስኑት የእናትየዋ ጤናና አመጋገብ እንዲሁም የእንግዴ ልጁ ሥራ ናቸው። ከወላጆቹ የወረሰው ቁመት ጎልቶ የሚታየው ከተወለደ በኋላ ነው። ትልቅ ሆኖ የተወለደ የአጫጭር ወላጆች ልጅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ትንሽ ሆኖ የተወለደ የረጃጅሞች ልጅ ደግሞ ይመዘዛል። ይህ ሽግሽግ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨመራል። እንዲህ ያለ ፍጥነት በጉርምስና እንኳ አይደገምም።

ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት ስሌት የወላጆችን ቁመት መነሻ ያደርጋል። ያስፋፉት እንግሊዛዊው የሕፃናት እድገት ተመራማሪ ጄምስ ታነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል። ለወንድ ልጅ 13 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፣ ለሴት ልጅ 13 ይቀነሳል። ከዚያ ለሁለት ይካፈላል። አባት 172፣ እናት 158 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ወንድ ልጃቸው 171.5፣ ሴት ልጃቸው 158.5 ትወጣለች። ውጤቱ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 8.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። ልጁ 163 ቢሆንም 180 ቢሆንም ስሌቱ አልተሳሳተም ማለት ነው! አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አባቶች ቁመታቸውን ሲናገሩ ትንሽ መጨመር ይወዳሉ። ስለዚህ ወላጆቹም ቢለኩ ይሻላል።

በጣም ረጃጅም ወላጆች ያሏቸው ልጆች ረጅም ቢሆኑም በአማካይ ወላጆቻቸውን አያክሉም። የአጫጭሮቹ ልጆች ደግሞ በአማካይ ወላጆቻቸውን ይበልጣሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1886 በቁጥር ያሳየው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን ነው። የ205 ጥንዶችንና የ928 ጎልማሳ ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጽሮ ነበር።

ብዙ ወላጆች የሚያውቁት ሌላው ዘዴ እጥፍ ማድረግ ነው። ወንድ ልጅ በሁለት ዓመቱ፣ ሴት ልጅ በ18 ወሯ የደረሱበት ቁመት በሁለት ይባዛል። 87 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሁለት ዓመት ልጅ 174 ይደርሳል እንደማለት ነው። ሸካራ ግምት ቢሆንም አያሳፍርም። ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው። ሕፃን ይንፈራገጣል፣ ያለቅሳል፣ ጉልበቱን ያጥፋል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ጫፍ ጋር አስጠግቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ቀስ ብሎ ዘርግቶ የእግር ማሳረፊያውን ተረከዙ ድረስ ይገፋል። አልጋ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ 2 ሴንቲ ሜትር የሳተ ሰው፣ ሲያባዛው 4 ሴንቲ ሜትር ይስታል።

ልጁ ከፍ ካለ የግራ እጁና የእጅ አንጓው ራጅ ይነሳል። የአጥንቶቹ ብስለት ከመደበኛ ምስሎች ጋር ሲነጻጸር «የአጥንት ዕድሜ» ይገኛል። ግሩሊክና ፓይል የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የምስል መድብል እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ዛሬም ይሠራበታል። የ13 ዓመት ልጅ አጥንቱ የ11 ዓመት ከሆነ ገና የሚያድግበት ጊዜ አለው። ከጓደኞቹ አንሶ ቆይቶ በኋላ ድንገት የሚተኮሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

የዘር ምርመራስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከ5.4 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ከቁመት ጋር የተያያዙ 12,000 ያህል የዘረ መል ልዩነቶችን ለይቷል። እነዚህ አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች መካከል ካለው የቁመት ልዩነት 40 በመቶ ያህሉን ያብራራሉ። በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ። ከተጠኑት አብዛኞቹ አውሮፓውያን ስለሆኑ የኛ ሰው በዚህ ምርመራ ቁመት ለማወቅ ገንዘቡን ባያወጣ ይመረጣል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን ትልቁ ጉድለት ያለው በወላጆች ስሌት ውስጥ ነው። ስሌቱ አባትና እናት በተፈጥሮ የተሰጣቸውን ቁመት ሙሉ በሙሉ እንዳገኙ ይቆጥራል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ማስቀረት ነው። መቀንጨር በአብዛኛው የሚጀምረው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ የምግብ እጥረትና የተደጋገመ ተቅማጥ ያመጡታል። ያኔ የቀነጨሩት ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች እየሆኑ ነው። እናትየዋ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ የቆመችው በዘሯ ይሁን በልጅነቷ በደረሰባት ስሌቱ አይለይም። ስለዚህ በቂ ምግብ እያገኘ የሚያድግ ልጅ ከተተነበየለት ቢበልጥ አይገርምም። የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በመቶ ዓመት ውስጥ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝመዋል፤ በዚያ ፍጥነት የሚቀየር ዘር የለም።

ክሊኒክ ውስጥ ከትንበያው ይልቅ የሚታየው የእድገት መከታተያ ካርዱ መስመር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ልጅ የራሱን መስመር ይዞ ይሄዳል፤ ከአራት ዓመት እስከ ጉርምስና በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ከ4 በታች ከሆነ ወይም መስመሩን እየለቀቀ ከወረደ ሐኪም ማየት አለበት። መንስኤው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ሆኖ ከተገኘ በኪኒን ይታከማል፤ እድገቱም ይቀጥላል።