ኤችአይቪ ወደ ሴል የሚገባው እንዴት ነው?

ኤችአይቪ ያገኘውን ሴል ሁሉ አይወርም። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ መራባት አይችልም። ዋነኛ ዒላማው ሲዲ4 የተባለ ፕሮቲን በላዩ ላይ ያለበት ነጭ የደም ሴል ነው። «ዒላማ» የምንለው ለአነጋገር እንዲመች እንጂ ቫይረስ አስቦ አይመርጥም። ከሴሎች ጋር እየተጋጨ ይሄዳል፤ ቅርጹ የሚገጥመው ሲያገኝ ይጣበቃል፣ ካልገጠመው ያልፋል።

ሲዲ4 ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። መድኃኒት ለመጀመር «ሲዲፎርህ ስንት ነው?» ይባል በነበረበት ጊዜ የሚቆጠረው ይኸው ሴል ነበር።

ይህ ፕሮቲን የቫይረሱ መያዣ መሆኑ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ተመራማሪዎች የሰውን ሲዲ4 በአይጥ ሴል ላይ እንዲበቅል ሲያደርጉ፣ ቫይረሱ ተጣበቀ እንጂ አልገባም። የጎደለው ሁለተኛው መያዣ የተገኘው በ1996 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር5 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ አንዳንዱ ቫይረስ ደግሞ ሲኤክስሲአር4ን ይጠቀማል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። በቫይረሱ ላይ ያለው ጂፒ120 የተባለ ፕሮቲን መጀመሪያ ሲዲ4ን ይይዛል። ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል፤ ተደብቆ የነበረው ክፍሉም ወጥቶ ሲሲአር5ን ይጨብጣል። ከዚያ ጂፒ41 የተባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን የሴሉን ሽፋን ወግቶ ወደ ቫይረሱ ሽፋን ይስበዋል፤ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ድብብቆሹ በከንቱ አይደለም። ያ ክፍል ሁልጊዜ ገሃድ ቢሆን ኖሮ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ ያገኘው ነበር።

የሲሲአር5 ዘረመል 32 ፊደላት የጎደሉት ሰዎች አሉ። ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው ሲሲአር5 በሴሎቹ ላይ አይታይም፤ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉም እጅግ ዝቅተኛ ነው። እንዲህ ያሉት ከሰሜን አውሮፓ ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ ናቸው፤ በአፍሪካ ግን የለም ማለት ይቻላል። በርሊን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ቲሞቲ ሬይ ብራውን ከኤችአይቪ በተጨማሪ የደም ካንሰር ይዞት በ2007 እና በ2008 ደም የሚሠሩ ሴሎች ንቅለ ተከላ ሲደረግለት፣ ሐኪሞቹ ሆን ብለው ይህ ጉድለት ያለበትን ለጋሽ መረጡ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን አቁሞም ቫይረሱ አልተመለሰም። በ2020 ያረፈው ካንሰሩ አገርሽቶበት ነው።

ይህ ሕክምና ግን አደገኛ ስለሆነ ካንሰር ለሌለበት ሰው አይታሰብም። በ2007 አሜሪካ የፈቀደችው ማራቪሮክ የተባለ ኪኒን ሲሲአር5 ላይ ተጣብቆ ቫይረሱን ያግዳል። ሲኤክስሲአር4ን በሚጠቀም ቫይረስ ላይ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ከመታዘዙ በፊት የቫይረሱ ዓይነት ይመረመራል።